ለአንድ ጥያቄ የተማርኩት ሩሲያኛ

ነገሩ በጠቅላላው የፈጀብኝ አንድ ሙክት፣ አምስት ኩንታል ነጭ ጤፍ፣ የወር ገበያ፣ እና በምላሴ ላይ የነበረኝ እምነት ነው። ሙክቱን ሐጂ በልተውታል። ጤፉ የባቡር ቲኬት ሆኗል፤ እንዴት እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። ገበያ እንደሁ ያመልጣል፣ ደግሞ ይመጣል። የሚያንገበግበኝ የምላሴ ነገር ነው። ቢቸና ላይ ዕድሜዬን ሙሉ እህል ስነግድ፣ ፊቴን አይቶ በሆዴ የያዝኩትን ዋጋ ያወቀብኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት አወቀችብኝ። ያውም በስልክ፤ ያውም አማርኛ ሳትሰማ።

የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናት። ልጅ ስላት ሕፃን እንዳትመስላችሁ፤ ወደ አርባ ዓመት ተጠግታለች። እኛ ቤት ግን ብዙ ዘመን የምትታወቀው በአንድ ፎቶግራፍ ነበር፤ በፎቶግራፉ ላይ ደግሞ ገና ድክ ድክ ትላለች። ስለዚህ ልጅ እንደሆነች ቀረች።

ወንድሜ በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተልኮ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ተማረ። እዚያው አገባ፣ ወለደ። አንድ ዓመት ለዕረፍት ብቻውን መጣ። ለእናታችን ቀይ አበባ ያለበት የሱፍ ሻል ይዞላት ነበር። እናታችን ከሞተች ግን ወራት አልፈዋል። እኛ አልጻፍንለትም። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፤ ሰው በባዕድ አገር፣ ለብቻው፣ ወረቀት ይዞ አይረዳም። ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ሲደርስ ዘመድ ወርዶ ተቀበለው። "ደክሞሃል፣ እዚህ እደር፣ ነገ ትገባለህ" አሉት። ሲነጋ በሩን ቢከፍት ግቢው በሰው ሞልቷል። ማንም ምንም አላለውም። የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ በአንድ ቦታ ቆመው ሲያያቸው ገባው።

ለተዝካሯ ብሎ ፈቃዱን አራዘመ። ተዝካሩ ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋ፣ እዚህ መንግሥት ተቀየረ፣ ወዲያ ማዶም ያለው ፈረሰ፤ በእጁ የቀረው ፓስፖርት የትም የማያስገባ ሆነ። ሞጣ ሄዶ የወፍጮ መካኒክ ሆነ። ሌላ ሚስት አላገባም። ለምን ብለው ሲጠይቁት "ሚስት አለኝ፣ መንገድ ነው ያጣሁት" ይል ነበር። በኋላ ሚስቱ እዚያ ሌላ ማግባቷን ሲሰማ "ደግ አደረገች" አለና የሰው ወፍጮ ሊጠግን ሄደ።

ልጁን ያገኘችለት የሐጂ ልጅ ናት። ሐጂ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከወንድሜ ጋር በአንድ ዘመን ሩሲያ የተማሩ፣ እግዜር የለም ተብሎ በሚሰበክበት አገር ከርመው መካ ደርሰው የተመለሱ ሰው ናቸው። የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ነው፤ "ጨርቅ አይራገጥም" ብለው ሱቅ ከፈቱ። ልጃቸው ደግሞ የአባቷን ዱካ ተከትላ ሕክምና ልትማር እዚያው አገር ሄደች። እሷ ናት የወንድሜን ልጅ በስሟ በኢንተርኔት ፈልጋ ያገኘቻት።

ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ ካለ በየእሑዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወንድሜ ስልክ ይጠራል። በእነሱ አጠራር ሦስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ግን ያቺው ናት፣ አቆጣጠሩ ብቻ ነው የሚለየው። አባትና ልጅ በቪዲዮ እየተያዩ ያወራሉ። እኔ ሞጣ የተገኘሁ እንደሆነ ከወንድሜ ኋላ ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ። እሷም ታወዛውዝልኛለች። ለዓመታት የተነጋገርነው ይህንኑ ነው።

አንድ ጊዜ በረዶ በሆነ ወንዝ ላይ መኪና ሲሄድ ቀርጻ ላከችለት። ወንድሜ ከጥንት ጀምሮ "እዚያ አገር በወንዝ ላይ በመኪና ሄጃለሁ" ይል ነበር፤ ሞጣ ውስጥ ያመነው ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን ስልኩን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ አይተው አይተው "ታዲያ ድልድይ ምን ያደርግላቸዋል?" አሉት። "ለበጋ ነዋ" አላቸው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ሞተ። አልታመመም፣ አልተኛም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቺያቤውን እንደያዘ ተቀመጠ፣ አልተነሣም።

ቀብሩ ላይ አፈሩ ሳይመለስ የዘመዱ ሁሉ ጭንቀት አንድ ሆነ። "ልጅቷ እንዳትሰማ!" አክስቴ ለቅሶዋን አቋርጣ ያዘችኝ።

"ስልኩ የታለ?"

"እኔ ዘንድ ነው።"

"ወየውላችሁ በስልክ የነገራችኋት! ሰው ሰብስባችሁ፣ በጠዋት፣ እቤቷ!"

"አክስቴ፣ እቤቷ ሩሲያ ነው።"

"ሩሲያ በር የለውም?"

ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በር መቼም አይጠፋም።

የሟቹ ስልክ እንዲህ ሆኖ በኪሴ ቢቸና ገባ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ "አታንሳው!" አለችኝ።

"ካላነሳሁት ትደነግጣለች።"

"ካነሳኸውስ ምን ልትላት ነው?"

"እስቃለሁ።"

ጥቁሩን ፎጣ ከትከሻዬ አውልቄ ወረወርኩ፤ ፊቴን በውኃ አበስኩ፤ ያልተላጨው ጢሜ እንዳይታይ ጋቢዬን እስከ አገጬ ጠቅልዬ አነሳሁት። ፊቷ መጣ። ከኋላዬ ወንድሜን ፈለገችው። ከዚያ "ፓፓ ዶማ?" አለችኝ።

"ፓፓ" የገባኝ መሰለኝ። "ዶማ" ስትል ግን ደነገጥኩ፤ ወንድሜን በዶማ ቆፍረን ከቀበርነው ሳምንት አልሞላም፣ ማን ነገራት አልኩ። እንዳልሆነ በማግስቱ ሐጂ አስረዱኝ። ያን ሰዓት ግን እጄን አወዛወዝኩ። አሳቅኩት ፊቴን። መስመሩ ተቆረጠ፤ እኔ ልቁረጠው፣ ኔትወርኩ ይቁረጠው እስካሁን አላውቅም።

በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ሞጣ ገባሁ። ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ በጣቃ መሐል ተቀምጠዋል። ገና ሰላም ሳልል "ደወለች፣ አይደል?" አሉኝ።

"ደወለች። ሐጂ፣ እርስዎ ቋንቋውን ያውቁታል። የሚቀጥለውን እሑድ እርስዎ ያነጋግሩልኝ።"

"አልችልም።"

"ለምን?"

"ካነሳሁት ትጠይቀኛለች። ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ። ሐጅ ያደረገ ሰው እንዴት አድርጎ ይዋሽ? አንተ ግን ነጋዴ ነህ።"

"እርስዎስ ነጋዴ አይደሉ?"

"እኔ የምሸጠው በሜትር ነው። ሜትር አይዋሽም።"

ተያየን። እሳቸውም ለወንድሜ ያለቀሱበት ዓይን ገና አልጠራም። ከዚያ ሥራውን ተከፋፈልን። ልጃቸው ያለችበት ከተማና የወንድሜ ልጅ ያለችበት ከተማ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ልጃቸው ፈተናዋን ስትጨርስ የምታውቃቸውን ሐበሾች ሰብስባ ትሄዳለች። በሁለት ሰው መርዶ አይሆንም፤ ቢያንስ በር የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ከአርባው በፊት መድረስ አለበት፤ የአባቷ አርባ ልጅቷ ሳታውቅ አያልፍም። "እነሱም አርባ ያወጣሉ" አሉኝ ሐጂ፣ "እንደናንተው ናቸው፤ ሻማ ያበራሉ።" ይህን አላውቅም ነበር።

የባቡሩን እኔ ልክፈል አልኩ። ብር አልቀበልም አሉ። ወዳጄ ነበር፣ የመርዶ ዋጋ አልቀበልም አሉ። "ጤፍስ?" ብላቸው ትንሽ አሰቡ። "ጤፍ የአላህ ስጦታ ነው" አሉ። አምስት ኩንታል ላኩላቸው። ሙክቱን ለአስተማሪነታቸው ጨመርኩበት፤ ከነነፍሱ ነው የሰጠሁት፣ እኔ ካረድኩት አይበሉትም።

አዎ፣ አስተማሪነት። ልጃቸው እስክትደርስ ያሉትን እሑዶች ማለፍ ያለብኝ እኔ ነኝ። የምትጠይቀኝን እንኳ ሳላውቅ እንዴት እዋሻለሁ? ወይም እንዴት ሳልዋሽ ዝም እላለሁ? ስለዚህ "ምንድን ነው ያለችኝ?" ብዬ ጀመርኩ።

"ፓፓ አባት ነው። ዶማ፣ እቤት። 'አባቴ እቤት ነው ወይ?' ነው ያለችህ።"

"'ነው' የታለ?"

"የላቸውም።"

"'ወይ'ስ?"

"እሱንም ትተውታል።"

"ታዲያ በምኗ ጠየቀች?"

ሐጂ ሜትራቸውን አነሡና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። "አንተ ገበያ ገብተህ 'ጤፍ አለ?' ስትል በምንህ ነው የምትጠይቀው?"

"በድምፄ።"

"ባለጤፉ ምን ይልሃል?"

"'ጤፍ አለ' ይለኛል።"

"ቃሉ ተለወጠ?"

"አልተለወጠም። እኔ ወደ ላይ ሰቀልኩት፣ እሱ ወደ ታች አወረደው።"

"በቃ። ሩሲያኛ ተማርክ።"

"ግን 'ነው'ን የት አደረሱት?"

"አገሩ ብርድ ነው" አሉ ሐጂ፣ "አፍ ብዙ አይከፈትም።"

ከዚያ የቤቱን ነገር አስተማሩኝ። ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ አውርደው ጫፉን አሳዩኝ። እኛ ቃል የምንቀጥለው ከፊት ነው፤ ከቤት፣ እቤት፣ ወደ ቤት። እነሱ ከኋላ ነው የሚቀጥሉት። ዶም ቤት ነው። ዶማ፣ እቤት። ዳሞይ፣ ወደ ቤት። "ጨርቁ ያው ነው፤ ጥለቱን ነው የሚቀያይሩት" አሉኝ። እኔም ጥለት ቀይሬ ስሞክር "አፍህን አጥበብ፣ በሬ እየነዳህ አይደለም" ይሉኛል። ደንበኛ ገብቶ "ሐጂ፣ ፖሊስተር ስንት ነው?" ሲል እኔ "ዳሞይ፣ ዳሞይ" እላለሁ። ሰውዬው ጤንነቴን ተጠራጥሮ ሳይገዛ ወጣ።

"አሁን መልሱ" አሉኝ። "አዎ ማለት ዳ ነው። ዳ ካልካት ዋሽተሃል። አይደለም ማለት ኒየት ነው። ኒየት ካልካት በስልክ አርድተሃል። ምን ልታደርግ ነው?"

እዚህ ላይ ነው እኔ ኮራ ያልኩት። ገበያ ላይ ልመልሰው የማልፈልገውን ጥያቄ በጥያቄ ነው የምመልሰው። ስንት ገዛኸው ያለኝን ሰው ስንት ልትገዛኝ ነው እለዋለሁ። "'አንቺ' በሩሲያኛ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ቲ።"

"አንቺስ እቤት ነሽ? ቲ ዶማ?"

ሐጂ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። "ወላሂ፣ አንተ ሰይጣን ነህ። ይኸው ሰዋሰው ሁሉ በእጅህ ገባ። ፓፓን አውጥተህ ማንንም ብታስገባ ይሠራል።"

ወደ ቢቸና ስመለስ ደብረ ወርቅ እስክንደርስ በሆዴ ስሰድረው ነበር። ቲ ዶማ፣ ፓፓ ዶማ፣ ሐጂ ዶማ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጸሎት የማደርግ መስሏት ዝም አለችኝ።

እሑድ መጣ። ጋቢዬን ጠቅልዬ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጠራ፣ ፊቷ መጣ።

"ፓፓ ዶማ?"

"ቲ ዶማ?" አልኳት፤ እንደ ተማርኩት፣ ወደ ላይ ሰቅዬ።

ዝም አለች። መስመሩ የቆመ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅሁት። አልቆመም፤ ዓይኗን ስታርገበግብ አየኋት። ጢሜን ያየችው መሰለኝ፤ ጋቢውን ሳብ አደረግሁ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ "ዶማ" አለችኝ። እቤት ነኝ። በሆዴ ሩሲያን ድል አደረግሁ አልኩ።

ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም። ሌላ ቃል ስለሌለኝ ስልኩን አዞርኩና ጆንያውን አሳየኋት። "ኤታ ጤፍ" አልኳት። ኤታ ይህ ማለት እንደሆነ ሐጂ ነግረውኛል፤ 'ነው'ን ጥዬ ማለፍም ለምጃለሁ። "ኤታ ሚዛን።" እሷም እየተከተለች "ኤታ ጤፍ?" ትላለች። "ዳ፣ ጤፍ።" በእፍኜ ዘግኜ ወደ ስልኩ ሳቀርበው እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እጇን አይታ ሳቀች። እሷ ደግሞ መስኮቷን ከፈተችና በረዶውን አሳየችኝ። ቀጥሎም ድመት አሳየችኝ፤ የድመቱን ስም ነግራኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። ልትዘጋ ስትል አንድ ቃል አለችኝ፤ "ዲያዲያ።" ለሐጂ ደውዬ ብነግራቸው "አጎቴ ማለት ነው" አሉኝ። "ቪ ብላሃለች?"

"ብላለች መሰለኝ፤ ምንድን ነው?"

"አንቱ ማለት ነው። እዚያም አንቱ አለ።"

ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። አንቱ ብላኛለች፤ እኔ አንቺ እያልኳት ነው። የአጎትና የወንድም ልጅ ደንቡ ይኸው ነው፤ ማንም አላስተማረን፣ ቦታችንን ይዘናል። ያኔ ነው ፍርሃቱ የገባኝ። እስከዚያች ቀን የምፈራው ብቻዋን እንዳትሰማ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ጨመርኩ፤ ከሰማች በኋላ ማንን ብላ ትደውላለች? ስልኩ የአባቷ ነው፤ ጥያቄዋም ስለ አባቷ ነው። መርዶው በደረሰ ቀን ጥያቄው ያልቃል። ከወንድሜ የተረፈችኝ እሷ ናት፤ ሰው ልኬ የማስደርስላት ነገር ራሱ እሷን ከእኔ የሚወስድ ሊሆን ነው።

ተከታዮቹ እሑዶች በዚሁ አለፉ። ፓፓ ዶማ፣ ቲ ዶማ፣ ዶማ። ከዚያ ወደ ጤፉና ወደ ድመቱ። ገበያዬ ወድቋል፤ ደንበኞቼ ሲመጡ ልቅሶ ላይ ነው ይሏቸዋል፣ እኔ ግን መጋዘን ውስጥ ጥለት እቀያይራለሁ። ሚስቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አንድ ቀን "ከእኔ ጋር እንኳ እንዲህ አውርተህ አታውቅም" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእሷ ጋር 'ነው' አለብኝ።

በመጨረሻ የሐጂ ልጅ ጉዞ ጀመረች። እኔ ዋዜማውን ሞጣ ገብቼ ሐጂ ቤት አደርኩ፤ ያን ጠዋት ሩቅ ሆኜ መስማት አልፈለግሁም። ገና ወፍ ሲንጫጫ ሱቁን ከፍተን መሐሉ ተቀመጥን። ሐጂ ሰግደው ነበር፤ እኔም አማትቤ ነበር። የሐጂ ስልክ በሁለታችን መካከል ጣቃ ላይ ተቀምጧል። ሰዓቱ ሄደ። ሻይ መጣ፣ ቀዘቀዘ። ስልኩ ሲጠራ ሐጂ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አባዬ" አለች ልጃቸው፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ደረሳችሁ?"

"ደረስን። አልቅሰናል።"

"እንዴት ሆነ? ቀስ ብለሽ ንገሪን፤ አጎቷ አለ።"

ነገረችን። ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነው ፎቁ ሥር ደረሱ፤ ነጠላም ጋቢም ያለው ከካፖርቱ በላይ ደርቧል። የፎቁ መግቢያ ብረት በር ነው፤ ቁጥር ካላወቁ አይከፈትም። ደውለው ክፈቺልን እንዳይሏት መርዶ ነው። በረዶው ላይ ቆሙ። ኋላ አንዲት አሮጊት ውሻዋን ልታንሸራሽር ስትወጣ አየቻቸው። "ወደ ማን ነው?" አለች። ነገሯት። አሮጊቷ ፊታቸውን አየች፣ ነጠላውን አየች፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ያዘችላቸው። ውሻዋን ሳታንሸራሽር አብራቸው ወጣች። ስምንተኛ ለቀስተኛ ሆነች።

"በሩን አንኳኳን" አለች የሐጂ ልጅ። "ወዲያው ተከፈተ። ለብሳለች አባዬ። ጥቁር ለብሳለች። ወንበሮቹን ግድግዳ ዳር ደርድራቸዋለች፣ ከጎረቤት የተዋሰችውም አለበት። ብርጭቆ ዘርግታለች። አየችን፣ አየችን፣ 'ፓፓ…' አለችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም። አሮጊቷ ከሁላችን በላይ ነው ያለቀሰችው።"

ሐጂ "ቆይ፣ ማን ነግሯት ነው ለብሳ የጠበቀችው?" አሉ። ጆሮዬ ቆመ።

"ማንም አልነገራትም። አባቷ ድሮ አጫውቷት ነበር። እናቱ የሞተች ጊዜ ደጀን ላይ እንዴት እንዳሳደሩት፣ ጠዋት ግቢው በሰው ሞልቶ እንዳየ። 'እኛ አገር ለብቻሽ አትረጂም' ብሏታል። 'ሰዎቹ ግን እቤት መሆንሽን ሳያጣሩ አይመጡም፤ ትኖሪያለሽ ወይ ብለው አስቀድመው ያስጠይቃሉ' ብሏታል። ዲያዲያ እቤት ነሽ ወይ ሲላት ያን ጊዜ ገባኝ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን ወደ ከሰዓት አስለውጣ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ስትጠብቀን ነበር።"

ሐጂ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ጎበዝ ነጋዴ" አሉኝ፣ "በገዛ ምላስህ አረዳሃት።"

እውነት ነው። እኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው ከዋዜማው ልጅ ይልካል፤ "ነገ ትኖራላችሁ?" ያስብላል። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ ራሴ ተልኬ ጠይቄዋለሁ! እኔ ብልጥ ሆኜ ያመለጥኩ ሲመስለኝ የወግ አጥባቂ ሽማግሌ ጥያቄ ነው የጠየቅኋት።

"ታዲያ ካወቀች" አልኩ፣ "ካወቀች ለምን በየእሑዱ እየደወለች አባቴ እቤት ነው ወይ ትለኛለች?"

የሐጂ ልጅ ሰምታኝ ኖሯል። "ጠይቄያታለሁ ጋሼ" አለች። "'ሐዘኑን ለብቻው እንዳይዝ ብዬ ነው' አለችኝ፤ ደግሞ መልሳ ጠየቀችኝ። 'እሱስ?' አለች። 'ዲያዲያ ከማን ጋር ነው?'"

ሐጂ ስልኩን ከጣቃው ላይ አንሥተው አፋቸው አጠገብ አደረጉት። "ከእኔ ጋር ነው በያት" አሉ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው እሑድ ስልኩ አልጠራም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዐሥር ሆነ። ሚስቴ "ኔትወርክ ነው" አለችኝ።

"ኔትወርክ አለ። አይቼዋለሁ።"

"እሷ ዘንድ ይሆናላ የጠፋው።"

"ምን ብላ ትደውል? የምትጠይቀው ሰው የለም።"

"አንተ አለህ አይደለም እንዴ?"

"እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን የማወዛውዝ ሰውዬ ነኝ።"

ሚስቴ ከሣጥኗ ለእናታችን የመጣውን ያን ቀይ አበባ ያለበትን ሻል አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ብል እንዳይበላው ነው አለች።

አርባው የዋለው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ሞጣ ላይ ቅዳሴው ወጥቶ፣ ጸሎቱ ተደርጎ፣ ሰው በወንድሜ ግቢ ተቀምጦ ይበላል። ለሙስሊም ወዳጆቹ ለብቻ ታርዷል፤ ሐጂ ያን ወገን እያስተናገዱ ናቸው። እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ እጄ ግን ኪሴ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። አክስቴ ከሴቶቹ መሐል "ማን ነው?" አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አነሣሁት። ፊቷ መጣ። ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ሻማ ብርጭቆ ውስጥ ቆማ ትነድዳለች። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ የእኔም ያው ነው። ዛሬ ጋቢ አልጠቀለልኩም፣ ጢሜም እንዳለ ነው። ከኋላዬ ማንንም አልፈለገችም። እኔኑ አየችኝ።

"ዲያዲያ ዶማ?" አለችኝ።

በትክክሉ ከተሄደ እቤቴ አልነበርኩም። ቤቴ ቢቸና ነው። ሐጂ ትሪ ይዘው አጠገቤ ቆመዋል፣ እየሰሙ ናቸው።

"ዶማ" አልኳት።

ሐጂ ሳያርሙኝ ትሪውን ይዘው አለፉ።

ወጪው መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ነው፤ የተጨመረበት የለም። ገቢው እሑድ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውላል። አንድ ወንድም ጎድሏል። አንዲት ልጅ አለች።